ስም ከመያዝ በፊት ሰፈርን ማወቅ፤ በማኅበራዊ ሥራ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመስክ ልምምድ የሚደረግ ዝግጅት

ሕክምና የሚማር ሰው በሐኪም ቤት ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሳይቆም ሐኪም እንደማይባል ሁሉ፥ የማኅበራዊ ሥራ ወይም በተለመደው አጠራር የሶሻል ወርክ ተማሪም ችግር ያገኛቸውን ሰዎች በሚረዳ መሥሪያ ቤት ተመድቦ፥ ልምድ ባለው መሪ ሥር ሳይሠራ ሙያውን ተማረ ሊባል አይችልም። ይህ ምደባ የመስክ ልምምድ ይባላል። ስለ ልምምዱ ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ተማሪው ከተመደበ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ነው፤ ከመመደቡ በፊት ስላለው ጊዜ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የዝግጅት ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት መግለጽ ነው። በተለይም ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት፥ ጊዜው ካለፈም በኋላ ያለ ጉዳት ሊደረግ የማይችል አንድ ነገር እንዳለ ለማሳየት እንሞክራለን። ይኸውም ተማሪው የባለጉዳይ ስም ከመያዙ በፊት የሚሠራበትን ሰፈር ማወቁ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመስክ ልምምድ አመጣጥ

በዚህ ሙያ ታሪክ መስኩ ከትምህርት ቤቱ ይቀድማል። ቀድሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ድኾችን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጎበኙ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ አዲሱም ሰው ሥራውን የሚማረው ነባሩን እየተከተለ ነበር። በ1897 ሜሪ ሪችመንድ የተባሉት አሜሪካዊት በቶሮንቶ በተደረገ ጉባኤ ላይ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት እንደሚያስፈልገው አሳሰቡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት፥ በ1898፥ በኒውዮርክ ከተማ የስድስት ሳምንት ትምህርት ተጀመረ። ሪችመንድ በ1917 ባሳተሙት «ማኅበራዊ ምርመራ» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ስለ አንድ ቤተ ሰብ እውነተኛውን ነገር ለማወቅ ከቤተ ሰቡ ሌላ ዘመድን፥ ትምህርት ቤትን፥ አሠሪንና ጎረቤትን እንዴት መጠየቅ፥ የተገኘውንም ምስክርነት እንዴት መመዘን እንደሚገባ በዝርዝር አስረድተዋል። ይህ ከውጭ ሰው የመጠየቅ ዘዴ በእኛ ሀገር ምን ዐይነት ጥንቃቄ እንደሚሻ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዛሬ በአሜሪካ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርትን የሚመዝነው ምክር ቤት ለማስተርስ ተማሪ ከ900 ሰዓት ያላነሰ፥ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከ400 ሰዓት ያላነሰ የመስክ ልምምድ ይጠይቃል፤ በ2008 ባወጣውም መመሪያ የመስክ ትምህርት የሙያው ዋና መለያ የሆነ የማስተማሪያ ዘዴ መሆኑን ደንግጓል።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፥ በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1959 ነው፤ ቆይቶም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆነ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ትምህርቱ ተቋረጠ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተጀመረው በ2004 ነው። ይህ ሠላሳ ዓመት ያህል የቆየ መቋረጥ በመስክ ልምምድ ላይ ያስከተለው ችግር በቀላሉ የሚታይ ነው። የመስክ ትምህርት እንደ ቅኔ ቤት ትምህርት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ ስለሆነ፥ አንድ ትውልድ ከተቋረጠ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ አዲሱን ተማሪ የሚቀበል፥ ራሱም ሙያውን የተማረ መሪ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የተማሪው የግል ዝግጅት ከሌላው አገር የበለጠ ክብደት አለው፤ መሪው ሊያርመው የሚገባውን ስሕተት አንዳንድ ጊዜ ተማሪው ራሱ አስቀድሞ መጠበቅ አለበትና።

ሁለት ዐይነት መስክ

የዚህ መጽሔት አንባቢ «መስክ» የሚለውን ቃል ሲሰማ በመጀመሪያ የሚያስበው የሕዝብን ወግና ልማድ ለማጥናት የሚወጣውን ተመራማሪ ነው። ሁለቱም ወደ ሰው ቤት ይገባሉ፥ ሁለቱም ይጠይቃሉ፥ ሁለቱም ይጽፋሉ። ልዩነታቸው ግን መሠረታዊ ነው። የባህል ተመራማሪው የሚጠይቀው ልማዱን ነው፤ ነጋሪው ማንም ቢሆን፥ የሚፈለገው ስለ ሠርጉ፥ ስለ ለቅሶው፥ ስለ ርስቱ የሚያውቀው ነገር ነው። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ የሚጠይቀው ግን የአንድን ሰው ችግር ነው፤ የሚፈለገውም ያ ሰው ራሱ ነው። የተመራማሪው ጥያቄ ለነጋሪው ክብር ሊሆን ይችላል፤ «ዐዋቂ ነው ተብሎ ተጠየቀ» ያሰኘዋልና። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ጥያቄ ግን ጥንቃቄ ካልተደረገበት «ምን ሆኖ ነው የሚጠየቀው?» ያሰኛል።

እንግዲህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚማረው ነገር አለ። ተመራማሪው ወደ መስክ ሲወጣ ስለ ማንም ሰው በተለይ ሳይጠይቅ ስለ ሁሉም ይማራል። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪም በዝግጅቱ ጊዜ ይህን የተመራማሪ ነጻነት ለጥቂት ሳምንታት ሊዋሰው ይገባል። ጉዳዩን ከተረከበ በኋላ ይህ ነጻነት አይኖረውም።

በሰፈሩ ውስጥ አስቀድሞ ያለው እርዳታ

ተማሪው የሚመደብበት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ረጂ አይደለም። ሰው ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት ከመምጣቱ በፊት በብዙ በሮች አልፏል። እነዚህን በሮች በስማቸውና በአሠራራቸው ማወቅ የዝግጅቱ ዋና ክፍል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዕድር አለ። አባሎቹ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሞት በደረሰ ጊዜ ዕድሩ ለኀዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል፥ ድንኳን ይተክላል፥ አግዳሚ ወንበርና የማብሰያ ዕቃ ያቀርባል፥ አባሎቹም ለቀብርና ለለቅሶ ይወጣሉ፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ሰብሳቢ ወይም ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሞትን የሚያሰማም ጥሩምባ ነፊ አለው። በ2000ዎቹ ዓመታት በኤድስ ምክንያት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በበዙ ጊዜ በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያሉትን፥ በተለይም እናትና አባት የሞቱባቸውን ልጆች፥ ወደ መርዳት መጥተዋል። ይህ ለማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ነባር ድርጅት በራሱ ፈቃድና በራሱ ደንብ ዓላማውን ሊያሰፋ እንደሚችል ያሳያል።

ከዕድር ቀጥሎ ገንዘብን በተራ የሚያዳርስ ዕቁብ፥ በቅዱሳን ስም በየወሩ የሚጠጣ ማኅበር፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚደገስ ሰንበቴ አለ። በሙስሊሙም ዘንድ ዘካትና በመስጊድ ዙሪያ ያለው መረዳዳት አለ። ከአንድ አገር የመጡ ተወላጆች የሚረዳዱበት ማኅበር አለ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፥ ወንድማማች በቤት ሲካሰሱ ሽማግሌ ይቀመጣል። የንስሐ አባት አለ፤ የክርስትና አባትና እናት አሉ። ከእነዚህ እያንዳንዱ የራሱ ሥልጣንና የራሱ ወሰን አለው። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሁለቱም ሲቀበሉት ነው፤ የንስሐ አባት የሰማውን አይናገርም፤ ዕድር የሚያውቀው የከፈለውን ነው።

ከዚህም ሌላ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የቀረውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ የመጣ ተከራይ፥ በሰው ቤት የምትኖር የቤት ሠራተኛ፥ መዋጮውን መክፈል አቅቶት ከመዝገብ የተሠረዘ ሽማግሌ በማንኛውም በር አይገቡም። የአዲስ አበባ መሐል ሰፈሮች በልማት ምክንያት ሲፈርሱና ነዋሪዎቹ በከተማው ዳር ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲዛወሩ፥ የተለየው የጎረቤቱ ቤት ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት የከፈሉበት ዕድር፥ የተማመኑበት ዕቁብና በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ጭምር ነው። አዲሱ ቤት ውሃና መብራት ኖሮት ሳለ ሰውየው ከቀድሞ የባሰ ብቸኛ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ይህን አስቀድሞ ካልተረዳ የብቸኝነቱን ምክንያት በሰውየው ጠባይ ውስጥ ሲፈልግ ይኖራል።

ጊዜው ካለፈ በኋላ የማይጠየቅ ጥያቄ

የዝግጅቱን ቅደም ተከተል ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናስብ። አንዲት ተማሪ በአንድ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ተመደበች እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት፥ ሰፈሩን ሳታውቅ፥ የአንዲት አሮጊት ጉዳይ ተሰጣት፤ አሮጊቷ ልጃቸው የሞተችባቸው፥ ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ተማሪዋ በንባብ እንደተማረችው ከቤተ ሰቡ ውጭ ያለ ምስክርነት ለማግኘት ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ሄደች። «ጋሼ፥ እንደምን ዋሉ? እዚያ ታች ቤት ያሉት እማማ የዕድሩ አባል ናቸው? ዕድሩስ ልጆቹን ይረዳልዎት ይሆን?» ብላ በትሕትና ጠየቀች። ጸሐፊውም በቅንነት መለሱላት። በማግሥቱ አሮጊቷ ውሃ ሲቀዱ አንዲት ጎረቤት «ድርጅት ጻፈዎት አሉ፤ ልጆቹን ሊወስዱብዎት ነው?» አለቻቸው።

ተማሪዋ ምንም ክፉ ነገር አልተናገረችም፤ የአሮጊቷን ምስጢርም በቃል አላወጣችም። ነገር ግን ስማቸውን ከድርጅቱ ስም ጋር አንድ ላይ በመጥራቷ ብቻ ምስጢሩ ወጥቷል። አሮጊቷ በሚቀጥለው ጊዜ በሩን አይከፍቱ ይሆናል፤ ቢከፍቱም «ምንም አልጎደለብን፥ ተመስገን» ብለው ይመልሷታል። እርዳታው ሳይጀመር ያበቃል፤ የሚጎዱትም ልጆቹ ናቸው።

አሁን ቅደም ተከተሉን እንለውጥ። ይህችው ተማሪ ጉዳይ ከመረከቧ በፊት ሁለት ሳምንት ሰፈሩን ተዘዋውራ ነበር እንበል። ያን ጊዜ ወደ ጸሐፊው ሄዳ «ጋሼ፥ በዚህ ሰፈር ስንት ዕድር አለ? መዋጮውስ ስንት ነው? አባል ሞቶ ልጆች ቢቀሩ ዕድሩ ምን ያደርጋል? መክፈል ያቃተው ሰው ምን ይሆናል?» ብላ ብትጠይቅ የማንም ስም አልተነሣም፥ የማንም ገመና አልተገለጠም። ጸሐፊውም ስለ ሥራቸው በመጠየቃቸው ደስ ይላቸዋል። በኋላም የአሮጊቷ ጉዳይ ሲደርሳት የዕድሩን ደንብ ዐውቃለችና ሌላ ሰው መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ ለራሳቸው «እማማ፥ ዕድርዎ ለልጆቹ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ራስዎ ቢጠይቁ ይሻላል ወይስ አብረን እንሂድ?» ልትላቸው ትችላለች። ውሳኔው የአሮጊቷ ሆኖ ይቀራል።

የተጠየቀው ነገር በሁለቱም ጊዜ አንድ ዐይነት ነው፤ ልዩነቱ የተጠየቀበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፈርን ማወቅ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሪችመንድ የጻፉለት ትልቅ ከተማ ሰው ከጎረቤቱ ተለይቶ ሊኖርበት የሚችል ከተማ ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን ቡና ሲጠጣ የማይነሣ ወሬ የለም። ፈቃድ ሳይሰጥ የሚደረግ ጥያቄ በየትኛውም አገር ስሕተት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ስሕተቱ እስከ ማታ ድረስ በየቤቱ ይደርሳል።

ራስን ማዘጋጀት

ሁለተኛው የዝግጅት ክፍል ተማሪውን ራሱን የሚመለከት ነው። በርታ ሬይኖልድስ የተባሉት አሜሪካዊት መምህርት በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ አዲስ ሙያ የሚማር ሰው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ገልጸዋል። በመጀመሪያ ተማሪው ከመጠን በላይ ስለ ራሱ ያስባል፤ እጁን የት እንደሚያሳርፍ እንኳ ይጨነቃል። ቀጥሎ እንደምንም ከሁኔታው ጋር ለመዋኘት ይታገላል። በሦስተኛው ደረጃ ነገሩን ይረዳል፤ ይሁን እንጂ የተረዳውን በሥራው ላይ ለማዋል ገና አይችልም። ከዚያ በኋላ ሥራውን በመጠኑ ይጨብጣል፤ በመጨረሻም የጨበጠውን ለሌላ ሊያስተምር ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርሁም» ብሎ ተስፋ አይቆርጥም፤ ዐውቆ አለመቻል የመንገዱ ክፍል መሆኑን ይረዳልና።

በሀገራችን በዚህ ላይ ይሉኝታ ይጨመራል። ተማሪው መሪውን «አልገባኝም» ለማለት ያፍራል፤ ባለጉዳዩም ተማሪውን «አልፈልግም» ለማለት ያፍራል። ከዚህም የተነሣ ሁለቱም «እሺ» ይላሉ፤ ነገር ግን «እሺ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ስምምነት ሳይሆን ክብር መስጠት ብቻ ነው። ተማሪው እውነተኛውን «እሺ» ከአክብሮቱ «እሺ» ለመለየት መሠልጠን ይኖርበታል። አንዱ መንገድ ለመልሱ ጊዜ መስጠት ነው፤ «ዛሬ አይመልሱልኝ፤ ያስቡበትና ስመለስ ይነግሩኛል» ማለት ባለጉዳዩን ከይሉኝታ ያሳርፈዋል።

በአነጋገር ረገድም ሽማግሌና አሮጊት በ«እርስዎ»፥ እንደ አካባቢውም በ«አንቱ» ይጠራሉ። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ «ተረጂ» ተብሎ የተጻፈ ሰው በቤቱ «አባባ» ወይም «ጋሼ» ነው። ቡና ተፈልቶ ሲቀርብ ምን ማድረግ እንደሚገባም ከመውጣቱ በፊት ከመሪው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ፈጽሞ እምቢ ማለት ንቀት ይመስላል፤ ሁልጊዜ መቀበል ደግሞ ላጣ ቤት ወጪ ይሆናል። የድርጅቱ ደንብ ስጦታ መቀበልን ቢከለክልም የአንድ ሲኒ ቡናን ነገር የሚፈታ ማስተዋል እንጂ ደንብ ብቻ አይደለም።

ከመሪ ጋር የሚደረግ ስምምነትና ጽሑፍ

ሦስተኛው ክፍል የሥራ ሥርዓት ነው። ተማሪው፥ የዩኒቨርሲቲው መምህርና የመስኩ መሪ ምን እንደሚማር፥ በየትኞቹ ቀናት እንደሚገኝ፥ በሳምንት ስንት ጊዜ ከመሪው ጋር እንደሚቀመጥ፥ በምን እንደሚመዘን አስቀድመው በጽሑፍ ይስማማሉ። ይህ የትምህርት ውል ይባላል። ውል የሌለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ፋይል የሚያስተካክልና ደብዳቤ የሚያደርስ ተላላኪ ሆኖ ይቀራል።

አልፍሬድ ካዱሺን በ1976 በጻፉት መጽሐፍ የመሪ ሥራ ሦስት መሆኑን አስረድተዋል፤ ሥራውን መቆጣጠር፥ ማስተማርና ማበረታታት። ተማሪው መሪው ከሦስቱ የትኛውን ሊሰጠው እንደሚችል በዝግጅት ጊዜ መረዳት አለበት። ሙያውን ያልተማረ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ መቆጣጠርና ማበረታታት ይችል ይሆናል፤ ማስተማሩ ግን ለዩኒቨርሲቲው መምህር ይቀራል፤ ይህም ክፍፍል በውሉ ላይ መጻፍ ይገባዋል።

ተማሪው ከባለጉዳዩ ጋር ያደረገውን ንግግር እንደሚያስታውሰው ቃል በቃል ጽፎ፥ በጐን ደግሞ በዚያን ጊዜ የተሰማውንና ያሰበውን ይመዘግባል። ይህ ጽሑፍ ለትምህርት እንጂ ለመዝገብ ቤት አይደለም። ስለዚህ የባለጉዳዩ ስምና ቤቱን የሚያሳውቅ ምልክት አይገባበትም፤ በስልክም ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለጓደኛ አይላክም። በባህል ጥናት ጽሑፍ ውስጥ የቦታና የሰው ስም በትክክል መጻፍ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ በዚህኛው ግን ጥፋት ነው።

መለየትን ከመጀመሪያው ቀን ማሰብ

የመጨረሻው ዝግጅት እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም ገና ሳይገቡ ስለ መውጣት ማሰብ ነው። የትምህርቱ ዘመን ሲያልቅ ተማሪው ይሄዳል፤ ባለጉዳዩ ግን እዚያው ይኖራል። «አይዞዎት፥ እኔ አለሁ» የሚለው ቃል በአማርኛ ከአፍ የሚወጣ ቀላል የማጽናኛ ቃል ነው፤ ነገር ግን ከችግረኛ ፊት ሲነገር ተስፋ ይሆናል፥ ተስፋም ዕዳ ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ቀን «እኔ ተማሪ ነኝ፤ እስከዚህ ወር ድረስ እመጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሚከታተለው መሥሪያ ቤቱ ነው» ብሎ መናገር ይገባዋል። ይህን ማለት ልብን የሚያቀዘቅዝ ቢመስልም ከአክብሮት የሚቆጠር ነው። በምሳሌው ያነሣናቸው አሮጊት ልጃቸውን ቀብረዋል፤ ሁለተኛ ሳይነገራቸው የሚጠፋባቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ጊዜውንም ሊሰጥ የሚችለው ትምህርት ቤቱ ነው። የልምምዱ ሰዓት የሚቈጠረው ተማሪው ጉዳይ ከያዘበት ቀን ጀምሮ ብቻ ከሆነ ተማሪው ለመቸኰል ይገደዳል፤ ሰፈሩን ያጠናበት ጊዜ ከልምምዱ ሰዓት ጋር ቢቈጠርለት ግን ዝግጅቱ ከሥራው ተለይቶ አይታይም። የሕዝብን ወግና ማኅበር የሚያጠኑ ሰዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው፤ ስለ ዕድርና ስለ ሽምግልና ያጠኑት ነገር ለመዝገብ ብቻ ሳይሆን ወደ መስክ ለሚወጣው ተማሪ መንገድ ሊሆነው ይገባል። የሰው ቤት በር የሚከፈተው በእንግዳው ዕውቀት ሳይሆን በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ተማሪውም ተዘጋጅቶ መሄድ ያለበት ይህ ፈቃድ አንድ ጊዜ ከተበላሸ ተመልሶ በቀላሉ ስለማይገኝ ነው።